ደህና እደር የተባለው ዘበኛ

እኛ ሰዎች ፊልም ዝም ብሎ ማየት አይሆንልንም። አጠገባችን ተቀምጦ «ይሄ ክፉው ነው፣ ያቺ እኅቱ ናት፣ አሁን ጉድ ይፈላል» የሚል ሰው ከሌለ ያየነው አይመስለንም። እንግሊዝኛ ስለማንችል አይደለም። እዚህ ሚኒሶታ ብዙ ዓመት የኖረውም፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም ያው ነው። ፊልም በአማርኛ ሲተረክ ሌላ ጣዕም አለው። ተራኪው ደግሞ ከራሱ ይጨምርበታል፤ ያልነበረ ቀልድ፣ ያልነበረ ተረት፣ አንዳንዴም ያልነበረ ቁም ነገር።

በሁለቱ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስም በሴንት ፖልም፣ በዚህ ሥራ የኃይሉን ያህል የተወደደ አልነበረም። ቀን ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ያመላልሳል። ከሥራ ሲገባ ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ማይኩን ከፍቶ ፊልም ይተርክና ቻናሉ ላይ ይለቃል። ልናገር እንጂ፣ ድምፅ ተሰጥቶታል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቃለ እግዚአብሔር ሲያነብ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ዝም ይላል። ለሠርግም ለለቅሶም አንባቢ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚደወለው ለሱ ነው።

የማወጋችሁ ግን በዚህ ድምፅ ምክንያት ስለደረሰው ነገር ነው፤ የደረሰውም በቂርቆስ ላይ ነው። ቂርቆስ ጎረቤቴ ነበር። ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር ውስጥ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሴኩሪቲ ሆኖ ይሠራል። ሴኩሪቲ ስንለው ያምራል እንጂ ያው ዘበኛ ነው፤ እሱም አላፈረበትም። ሽጉጥ አልያዘም። ያለው ሬዲዮና ደረቱ ላይ የተሰፋ ባጅ ነው። ባለቤቱ ዘመናይ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን ትንከባከባለች። እዚሁ የተወለደች ኢያኤል የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ በአማርኛ ሲጠሯት በእንግሊዝኛ «ዋት» የምትል፣ እንደ ልጆቻችን ሁሉ።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የወጣቶቹን የእግር ኳስ ቡድን ለመርዳት የሐበሻ ኮሙኒቲው አዳራሽ ውስጥ ፊልም ታየ። ሻይና ሳምቡሳ ተሸጠ። ኃይሉ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማይኩን ይዞ እዚያው በቀጥታ ተረከ፤ ትረካውንም ቀርጾ በኋላ ቻናሉ ላይ ለቀቀው። ፊልሙ የድሮ ወንበዴዎች ታሪክ ነው። የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ስትመታ፣ ገበሬው ከእርሻው ሲፈናቀል፣ ሠራተኛው ለሾርባ ሲሰለፍ፣ መትረየስ ይዘው ባንክ የሚዘርፉ ሰዎች ተነሥተው ነበር። ሕዝቡ ባንክን ጠልቶ ስለነበር እነሱን ወደደ። የፊልሙ ሰውዬ መልከ መልካም ነው። የአባቱን እርሻ ባንክ ወስዶበታል። ዘፋኝ ፍቅረኛ አለችው፤ ለድሃ መበለት ገንዘብ ሲሰጥ ይታያል፤ መጨረሻ ላይ በረዶ ላይ ይገደላል። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰለት።

ኃይሉ ይህን ሰው «ሽፍታ» አለው። እንግሊዝኛው ዘራፊ ነው የሚለው። አማርኛም ቢሆን ሌባ፣ ቀማኛ፣ ወንበዴ የሚሉ ቃላት አላጣም። ሽፍታ ግን ሌላ ነገር ነው። ሽፍታ ሲባል ፍርድ ተነፍጎ፣ በደል አንገፍግፎት ዱር የገባ ሰው ይታየናል፤ ልባችን ቀድሞ ይፈርድለታል። ኃይሉ በዚህም አልበቃውም። እንደ ድሮ ጦረኛ የፈረስ ስም አወጣለትና «አባ መብረቅ» አለው። ባንኩን ሲሰብር ደግሞ ፎከረለት፦

ባንኩን ገርስሶ፣ ካዝናውን ፈልቅቆ፣
ለድሃ የሚሰጥ ከሀብታም ነጥቆ!

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ሸምገል ያለ የባንክ ዘበኛ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ይታያል፣ እጁን ወደ ወገቡ ይሰዳል፣ አባ መብረቅ ይተኩስበታል፣ ይወድቃል። ካሜራው ተራምዶት ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ስለሱ አይነሣም። ኃይሉም እዚህ ቦታ ዝም ቢል ማንም ምነው አይለውም ነበር። ምላሱ ግን አላስችል አለው፦

ቆሞ ሲውል ከርሞ፣ ዛሬ ገና ተኛ፤
ደህና እደር በሉልኝ ይሄን ዘበኛ!

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ «ደህና እደር! ደህና እደር!» እያሉ ጮኹ። እኔ የተቀመጥኩት ከቂርቆስ ኋላ ነበር። አዳራሹ ሲናጥ የሱ ትከሻ ንቅንቅ አላለም።

ፊልሙ አልቆ ሻይ ስንጠጣ ቂርቆስ ወደ ኃይሉ ጠጋ አለ። የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰሞን አብረው ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተዋል።

«ኃይሉ፣ የዚያ ዘበኛ ስም ማን ነበር?»

«የቱ ዘበኛ?»

«ደህና እደር በሉልኝ ያልከው።»

«ኧረ ባክህ! ስም ያለውም አይመስለኝም። ኤክስትራ ነው እኮ፤ ብቅ ብሎ የሚጠፋ።»

«ልጆች ይኖሩት ይሆን?»

ኃይሉ ሳቀ። «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ! ታሪኩ የሱ አይደለም። ደግሞስ ሰውዬው ማንን ነው የዘረፈው? ባንክን! ባንክ መቼ ለድሃ አዝኖ ያውቃል? የቤቴን ሞርጌጅ ስከፍል ወገቤ ጎበጠ። እኔስ አንዳንዴ መትረየስ ያምረኛል።»

«እኔ ባንክ ውስጥ ስውል ባንክ የሚባል ሰው አግኝቼ አላውቅም» አለ ቂርቆስ። «እዚያ ያለሁት እኔ ነኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ናት። ሽጉጥ የያዘ ሰው ቢመጣ የሚደቅነው እኛ ላይ ነው።»

«ፊልም ነው፣ ወንድሜ።»

«ሽፍታ ያልከውስ?»

«እና ምን ልበለው? ሌባ ብለው ማን ያየዋል?»

ቂርቆስ የሻይ ኩባያውን አስቀመጠ። «አያቴ ሀገር አንድ ሽፍታ ነበር። ወንዝ ማዶ ያለው ሕዝብ ዘፈን አውጥቶለት ነበር። አያቴ ግን ሽፍታው በሬዎቹን ስለነዳበት፣ ያን ዓመት ሳያርስ ቀረ። ዘፈን የሚያወጣለት ያልተዘረፈው ሀገር ነው፣ ኃይሉ።»

ኃይሉ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደሚጠሩት ሰዎች ሄደ። እኔ ግን የቂርቆስ ንግግር ገባኝ። እኛው የምንኖርባት ሴንት ፖል በዚያ ዘመን የእነዚህ ወንበዴዎች መደበቂያ ነበረች። እዚህ እስካልዘረፉ ድረስ ፖሊሱ እያየ እንዳላየ ያልፋቸው ነበር። እየዘረፉ የሚመጡት ከሌላ ከተማ፣ የሚገድሉት የሌላውን ከተማ ሰው ነበር። ዛሬም ቱሪስት አውቶቡስ ውስጥ ጭነው «እዚህ ቤት ይጨፍሩ ነበር» እያሉ ያስጎበኛሉ። የተገደለው ዘበኛ ቤት የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ እስካሁን አልገጠመኝም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቂርቆስ የሚጠብቀው ባንክ ተዘረፈ።

አንድ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ጎረምሳ ገባ። ሽጉጥ አወጣና፣ ከፊልም የቀዳው በሚመስል ለስላሳ ድምፅ፣ «የእናንተን አልነካም፤ የምወስደው የባንኩን ነው። ሁላችሁም ተኙ» አለ። ቂርቆስ የቀጠረው የጥበቃ ኩባንያ ያስተማረውን አደረገ። ትምህርቱ አጭር ነው፦ መሣሪያ ከመጣ አትታገል፣ ተኛ፣ እይ፣ ሲሄድ ደውል። አጠገቡ አንዲት ከእስያ የመጡ የሞንግ ብሔር አሮጊት ደንግጠው ደርቀው ቀርተው ነበር። ቂርቆስ እጃቸውን ይዞ ቀስ አድርጎ አስተኛቸውና እሱም ከጎናቸው ተኛ። ዘራፊው ወጣ። በአንድም ሰው ላይ ጭረት አልደረሰም። ቂርቆስ የልጁን ጫማ፣ የመኪናውን ቀለም ለፖሊስ ተናገረ። ልጁም ብዙ ሳይርቅ ተያዘ።

ያን ቀን ዘመናይ በሩ ላይ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ባሌን መለስክልኝ» ስትል በግድግዳው ሰማኋት። እኔም ወጥቼ አቀፍኩት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ በታደልን። ባንኩ ውስጥ ተኝቶ የነበረ አንድ ደንበኛ በስልኩ ቀርጾ ኖሯል። ቪዲዮው ላይ አሮጊቷ አይታዩም፤ የሚታየው ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በደረቱ ሲተኛ ብቻ ነው። አንዱ ሥራ ፈት፣ ከእኛው ልጆች አንዱ ነው፣ ስሙን ባውቅ እዚህ እጽፈው ነበር፣ ያንን ቪዲዮ አወረደና የኃይሉን ድምፅ ለጠፈበት። «ቆሞ ሲውል ከርሞ፣ ዛሬ ገና ተኛ፤ ደህና እደር በሉልኝ ይሄን ዘበኛ!» ከዚያ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላው ያላየው ሐበሻ አልነበረም።

ዘራፊው «ጨዋ ሌባ» ተባለ። «የድሃ አልነካም ብሏል እኮ» ተባለለት። ቂርቆስ ደግሞ ስሙ ጠፍቶ «ደህና እደር» ሆነ። ሐበሻ በሚበዛበት በሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ሱቅ ሲገባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «ደህና እደር ጋሼ!» ይሉታል። ኳስ ሜዳ «ደህና እደር መጣ!» ይላሉ። ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንግ ላይ እንኳ፣ አሁን «ሃሌ ሉያ» ባሉበት አፋቸው፣ «ወንድም ቂርቆስ፣ ደህና እደር» ብለው የሚጠቃቀሱ ነበሩ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ሰውዬው መጀመሪያ አብሮ ፈገግ ይል ነበር። ቆይቶ አንገቱን እያቀረቀረ ማለፍ ጀመረ።

ኢያኤል ሁልጊዜ ከመተኛቷ በፊት፣ ከምታውቃት ጥቂት አማርኛ፣ «ደህና እደር ዳዲ» ትለው ነበር። ያንን ተወችው። እሱም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

አንድ ቀን ራት ላይ ግን ልጅቷ ራሷ ፈነዳች። ትምህርት ቤት ስልካቸውን እያሳዩ ሲስቁባት ውለዋል።

«ዳዲ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ዱ ሰምቲንግ?» አለችው። ለምን አንድ ነገር አላደረግክም ማለቷ ነው።

«አድርጌአለሁ፣ ልጄ። ሰው አልሞተም።»

«ዩ ጀስት ሌይ ዴር!» ብላ እያለቀሰች ክፍሏን ዘጋች። ዝም ብለህ ተኛህ ነው ያለችው፣ አባቷን።

ዘመናይ በማግሥቱ ይህንን ስትነግረኝ «ሰው ሁሉ ሲሰድበው ችሎ ነበር። ትናንት ግን ፊቱ ጠቆረብኝ» አለችኝ።

ቂርቆስ ወደ ኃይሉ ቤት የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። የተነጋገሩትን ራሱ ኃይሉ በኋላ፣ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ፣ ነግሮኛል። ቤዝመንቱ ውስጥ ተቀብሎት ወንበር ሰጠው።

«ኃይሉ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ያንን ቪዲዮ አስነሣልኝ። ድምፁ ያንተ ነው። ድምፄ ነው፣ አልፈቀድኩም ብለህ ብታመለክት ያነሡታል አሉኝ።»

«እኔ አይደለሁም እኮ የለቀቅሁት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምለምንህ።»

ኃይሉ ራሱን አከከ። «ስማ፣ ቂርቆስ፣ ቀልድ ነው፤ አንድ ሰሞን ስቀው ይረሱታል። እንዲያውም እውነቱን ልንገርህ፣ በሱ የተነሣ ሰው ቻናሌን እየፈለገ ሰብስክራይብ እያደረገ ነው። አሁን ባስነሣው ራሴ ላይ ውኃ መቸለስ ነው። ትንሽ ታገሥ። አንተም እኮ ታዋቂ ሆንክ!»

«ልጄ አፍራብኛለች» አለ ቂርቆስ።

«ልጅ ምን ታውቃለች?»

«የምታውቀው ያሳያችኋትን ነው።»

ኃይሉ ሻይ ላፍላ አለ። ቂርቆስ አልጠጣም ብሎ ወጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ኃይሉ በዚያው ዕለት ሌላ ፊልም መተረክ ጀመረ።

ቂርቆስ ከሰው ዓይን ልራቅ ብሎ ኩባንያውን የቦታ ቅያሪ ጠየቀ። ወንዙን ተሻግሮ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ውስጥ አንድ ፋርማሲ በር ላይ መደቡት። እዚያም ሐበሻ አለ፤ እዚያም «ደህና እደር» ተከተለው። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ለዘመናይ «ሁለተኛ አልተኛም» አላት።

«ምን አልክ?»

«እንደዚያ የመሰለ ነገር ቢመጣ አልተኛም።»

ዘመናይ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። «ትተኛለህ! ስማኝ፣ ቂርቆስ፣ አፈር ላይ ቢሆን፣ ጭቃ ላይ ቢሆን ትተኛለህ። ለእኔ ስትል ትተኛለህ።»

«ላንቺማ ተኝቼ መጣሁልሽ» አላት። «ልጄን ግን ምን ልበላት?»

ይህን በግድግዳው የሰማሁት እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ ሲከፋው የሚናገረው ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ዘመናይ ግን አላለፈችውም። ያን ቀን ፓስተሩ ዘንድ ሄዳ «ምከሩልኝ» አለች፤ ለኃይሉም ደውላ «በጌታ ስም ያንን ነገር አውርደው» አለችው። ኃይሉ «እሺ እኅቴ፣ አየዋለሁ» አላት። እሺ ማለት ለኛ ሰው አይከብድም።

ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው እየቀለጠ ሳለ፣ አንድ ሽጉጥ የያዘ ሰው ፋርማሲው ውስጥ ገባና መድኃኒት አምጡ አለ። ሠራተኞቹ ተኙ። ደንበኞቹ ተኙ። ፋርማሲስቷ ለዘመናይ በኋላ እንደነገረቻት፣ ቂርቆስም እንደ ሌላው በጉልበቱ ተንበርክኮ ሊተኛ ነበር። አንድ እጁ መሬት ነክቷል። ወዲያው ቀና ሲል፣ መደርደሪያው ሥር የተኛ አንድ ልጅ ስልኩን አንሥቶ እየቀረጸው መሆኑን አየ። ስልኩን አየና ተነሥቶ ቆመ። እጁን ዘርግቶ ወደ ሰውዬው አንድ እርምጃ ሲሄድ ተተኮሰበት። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ሰውዬው አንድ ቦርሳ ክኒን ይዞ ሮጠ። የቂርቆስ ዋጋ ያ ሆነ።

ለቅሶው ላይ የመጣው ሕዝብ ማቆሚያ አጣ። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም። «ደህና እደር» ሲሉት የነበሩት ሁሉ አሁን «ጀግና» አሉት። ቲክቶኩ በአንበሳ ሥዕል ተሞላ። «ቆሞ የሞተ»፣ «የሐበሻ ወንድ እንዲህ ነው»፣ «እንኳን የኛ ሆንክ» ተባለ። ኢያኤል ስልኳን አጥፍታ አልጋ ሥር ጣለችው። ዘመናይ ሰው ስለ ባሏ «ጀግና» ባላት ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

ሥርዓተ ቀብሩ በቤተ ክርስቲያናችን ሆነ። የሕይወት ታሪኩን እንዲያነብ እንደ ልማዱ የተጠራው ኃይሉ ነው። ሌላ ድምፅ አላሰቡም። እሱም እንቢ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ወረቀቱን የጻፉት የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ናቸው። ኃይሉ በዚያ በምናውቀው ድምፁ ልደቱን አነበበ፣ ትዳሩን አነበበ፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ «ወንድማችን ቂርቆስ ሽጉጥ ሳይፈራ፣ እንደ ጀግና ቆሞ…» ሲል፣ ከፊት ወንበር ዘመናይ ተነሣች።

በእኛ ልማድ በባሏ ሬሳ ፊት ያለች ሴት ታለቅሳለች እንጂ አንባቢ አታቋርጥም። ሁሉም ደነገጠ።

«ወንድም ኃይሉ፣ እሱን ዝለለው» አለች።

ኃይሉ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ጀግና የሚለውን ዝለለው። ባሌ ጀግና አልነበረም። ዘበኛ ነበር፤ ጎበዝ ዘበኛ ነበር። ባንኩ በተዘረፈ ቀን ሥራውን በሚገባ ሠርቶ፣ አንዲት አሮጊት እናት አትርፎ፣ ተኝቶ ተነሥቶ በእግሩ ቤቱ ገባ። እኔ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። እናንተ ሳቃችሁ። ዛሬ በሳጥን መጣ፤ አሁን አጨበጨባችሁ። እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተን ደስ ለማሰኘት የግድ መሞት ነበረበት?»

ኢያኤል ተነሥታ እናቷን በሁለት እጇ ያዘቻት። ያን ሁሉ ወር ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ ልጅቷ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ «አባቴን እኔ ነኝ» አለችና ቀሪው አልወጣላት አለ። ዘመናይ አፏን በእጇ ከደነችው። «አንቺ አይደለሽም። ዝም በይ፣ አንቺ አይደለሽም» እያለች።

ኃይሉ ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠ። ማይኩን ለፓስተሩ ሰጠ፤ ወጥቶም በረንዳው ላይ፣ ካፖርቱን ሳይለብስ፣ ሬሳው እስኪወጣ ቆመ። ማንም አልቀረበውም። እኔም አልቀረብኩትም።

በማግሥቱ ድምፄ ነው ብሎ አመለከተ። ቪዲዮው በዚያው ቀን ወረደ። በዚያው ቀን! ቂርቆስ የለመነው ይህንን ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ አባቶች።

ከአርባ ቀን ገደማ በኋላ ኃይሉ የዘመናይን በር አንኳኳ። እኔ እዚያ ነበርኩ። አላስገባችውም፤ ሊገባም አልሞከረም። ደጃፉ ላይ እንደቆመ «እኅቴ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። ምን ላድርግ? ቻናሉን ልዝጋው? ዝጋ ካልሽኝ ዛሬ እዘጋዋለሁ» አላት።

ዘመናይ የበሩን መዝጊያ ይዛ መለሰችለት።

«ብትዘጋው ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ባሌ አይመጣም። ስማ፤ በዚህ ከተማ በየፋርማሲው፣ በየሱቁ፣ በየፓርኪንጉ የኛ ሰው ዘበኛ ነው። የኦሮሞውም፣ የትግሬውም፣ የአማራውም ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ቤቱ የምትጠብቀው ሚስት አለችው። ያንን ድምፅህን ይዘህ ለእነሱ ንገራቸው። ጠመንጃ ሲመጣ መተኛት ነውር አይደለም በላቸው። የሚስቅባቸውንም ስደብልኝ።»

ኃይሉ እንዳለችው አደረገ፤ ቻናሉ ላይ አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። ፉከራ የለበትም፣ ቀልድ የለበትም። የቂርቆስን ስም ጠራ፣ እኔ ነኝ ያዋረድኩት አለ፣ የአባ መብረቅን ትረካ ከቻናሉ ማውረዱን ተናገረ። ያንን ሰው ሽፍታ ማለቱ ስሕተት እንደነበረ፣ ሰውዬው ሌባና ነፍሰ ገዳይ እንደሆነ፣ ፊልሙ ለገዳዩ እንድናለቅስ የሟቹን ፊት እንደሸሸገብን አስረዳ። ስንቱ ያየው ይመስላችኋል? እፍኝ የማይሞላ ሰው። ከሥሩ የመጀመሪያው አስተያየት «ጋሼ፣ ምክሩን ተወውና ፊልሙን መልስልን» ይላል።

ወገኖቼ፣ ፊልም አትዩ አላልኩም። እኔም አያለሁ። ባንክ ገበሬውን አልበደለም ማለቴም አይደለም፤ በድሏል፣ ዛሬም ይበድላል። ነገር ግን በደል ያየ ሰው ሁሉ ሽጉጥ ሲያነሣ የሚወድቀው የባንኩ ባለቤት ሆኖ አያውቅም። የሚወድቀው በር የሚጠብቅ፣ መስኮት ላይ የቆመች፣ ለልጁ ሳል መድኃኒት ሊገዛ የገባ ሰው ነው። ልጆቻችንን ይዘን ለመልከ መልካሙ ገዳይ ስናጨበጭብ፣ ማን ሰው እንደሆነ፣ ማን ደግሞ ዕቃ እንደሆነ እያስተማርናቸው ነው። ተኝቶ ተርፎ በደህና ቤቱ የሚገባውን ፈሪ፣ ሬሳው የሚገባውን ጀግና ማለት እኛ ያመጣነው ልማድ ነው፤ እኛው ማጥፋት አለብን። ይህ ልማድ ደግሞ በስክሪን ላይ አይቀርም። ራት ላይ አጠገባችን ይቀመጣል።

ቂርቆስ ላይ የተኮሰው ሰው ፍርዱን ይቀበላል። የተኮሰው አንድ ሰው ነው። ቂርቆስን ጥይቱ ፊት ያቆምነው ግን እኛ ነን።